በሼፊልድ ቤት መግዛት፣ መከራየትና መኖር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የለንደን ኪራይ ያማረራቸው፣ የመኖሪያ ፈቃድ በቅርቡ ያገኙና ልጅ ወልደው ቤት የጠበባቸው ወገኖች ስለዚህች ከተማ ደጋግመው የሚጠይቁት እነሆ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሼፊልድ የት ናት? ምን ዓይነት ከተማ ናት?

በሰሜን እንግሊዝ፣ በደቡብ ዮርክሻየር ትገኛለች። ከለንደን ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ማንችስተርና ሊድስ አንድ ሰዓት ያህል ቢርቁ ነው። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ወደ 556 ሺህ ሰው ይኖርባት ነበር።

ስሟ የወጣው በአረብ ብረት ነው። ቤንጃሚን ሀንትስማን በ1740ዎቹ ጥራት ያለው አረብ ብረት የማቅለጫ ዘዴውን ያዳበረው እዚህ ነው። ሃሪ ብሬርሊ በ1913 የማይዝገውን ብረት የሠራውም እዚሁ ነው። በድሮ ቢላዋና ማንኪያ ላይ የከተማዋን ስም ተቀርጾ አይታችሁ ይሆናል። ዛሬ ከፋብሪካ ይልቅ የተማሪና የሆስፒታል ከተማ ናት። ሁለት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች አሏት። መሬቷ ኮረብታ ስለሆነ ዳገት ቁልቁለቱ ብዙ ነው፤ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ግን አይገርመውም።

አማካይ የቤት ዋጋ ስንት ነው?

በ2025 አማካዩ ወደ 220 ሺህ ፓውንድ ነበር። የመላው እንግሊዝ አማካይ 290 ሺህ አካባቢ ሲሆን የለንደን ከ500 ሺህ በላይ ነው። በሼፊልድ አፓርታማ ከሁሉም ይረክሳል። ቀጥሎ በመደዳ የተያያዘው ቴራስ ቤት፣ ከዚያ በአንድ ጎን ብቻ ከጎረቤት የሚያያዘው ሰሚ ይመጣል። ዙሪያውን ብቻውን የቆመ ቤት ብዙ ጊዜ ከአማካዩ እጥፍ ገደማ ይጠየቅበታል።

አማካይ ቁጥር ላይ ብዙ አትመኩ። በዚህች ከተማ በ120 ሺህ ፓውንድ የሚሸጥ ባለ ሁለት መኝታ ቴራስ አለ፤ በአውቶቡስ ጥቂት ፌርማታ ርቆ ተመሳሳዩ ቤት በ300 ሺህ ይሸጣል። ደግነቱ እዚህ ዋጋ ደላላ ብቻ የሚያውቀው ምስጢር አይደለም። ከ1995 ወዲህ በእንግሊዝ የተሸጡ ቤቶች ዋጋ በመንግሥት የመሬት መዝገብ ላይ በይፋ ይገኛል። ራይትሙቭና ዙፕላ የተባሉት የቤት ማስታወቂያ ድረ ገጾችም ያንኑ ያሳያሉ። ዋጋ ከማቅረባችሁ በፊት የዚያው መንገድ ቤቶች ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት በስንት እንደተሸጡ ተመልከቱ።

ለምን ከለንደን ይህን ያህል ረከሰ?

ዋናው ምክንያት ሥራው መጥፋቱ ነው። የዶን ወንዝ ሸለቆ በሙሉ የአረብ ብረት ፋብሪካ ነበር። ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ ፋብሪካዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሥራ አጣ። ወጣቱ ወጣ። በ1951 ከ570 ሺህ በላይ የነበረው የከተማዋ ሕዝብ በ2001 ወደ 513 ሺህ ወረደ። ሰው በሚለቅበት ከተማ ቤት አይወደድም። የሃድፊልድስ አረብ ብረት ፋብሪካ በነበረበት ቦታ በ1990 ሜዶውሆል የተባለው ግዙፍ የገበያ ማዕከል ተከፈተ። ሙያና ጥሩ ደመወዝ የነበረው ሠራተኛ ልጅ ሱቅ ጠባቂ ሆነ። ይህን የሚያነሱ ሽማግሌዎች ዛሬም ድምፃቸው ይለወጣል፤ እውነታቸውን ነው።

ግን ሁሉም ነገር አልሞተም። ፎርጅማስተርስ የተባለው ትልቁ የአረብ ብረት ድርጅት አሁንም ይሠራል፤ በ2021 የብሪታንያ መከላከያ ሚኒስቴር ገዝቶታል። በ2001 የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ከቦይንግ ጋር የጀመረው የማምረቻ ምርምር ማዕከል በከተማዋ ዳርቻ አድጓል። ሕዝቡም ተመልሶ እየጨመረ ነው፤ ዋጋውም አብሮ።

ለብዙ ወገን የሚጠቅመው ስሌት ይህ ነው። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ በመላ አገሪቱ አንድ ነው፤ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ዕድሜው 21 ለሞላ ሰው 12 ፓውንድ ከ71 ሳንቲም ነው። በእንክብካቤ፣ በመጋዘን ወይም በጽዳት ሥራ በዝቅተኛው ክፍያ የሚሠራ ሰው ለንደንም ሼፊልድም ያንኑ ያገኛል። ኪራዩ ግን ከግማሽ በታች ሊወርድለት ይችላል። በቢሮ ሥራ የለንደን ደመወዝ ያለው ሰው ስሌቱ ሌላ ነው፤ እሱ ሥራውን ከቤቱ ካልሠራ ደመወዙም አብሮ ይወርዳል።

የትኛው ሰፈር ውድ ነው? የትኛው ርካሽ?

በአጭሩ ምዕራቡ ውድ፣ ምሥራቁና ሰሜኑ ርካሽ ነው። ፉልዉድ፣ ራንሙር፣ ዶር፣ ኤክልሶልና ኔዘር ኤጅ የሀብታምና የሐኪም ሰፈሮች ናቸው። በርንግሪቭ፣ ፒትስሙር፣ ፈርዝ ፓርክ፣ ዳርናል፣ ቲንስሊ፣ ማኖርና ፓርሰን ክሮስ ዝቅ ያለ ዋጋ አላቸው። ሂልስቦሮ፣ ዎክሊና ክሩክስ መካከለኛ ናቸው፤ ዎክሊና ክሩክስ ግን በየዓመቱ ወደ ውዱ እየተጠጉ ነው። ኬልሃም አይላንድ ፋብሪካ የነበረበት ሠፈር ሲሆን ዛሬ የወጣት ባለሙያዎች አፓርታማና ካፌ ሆኗል።

ይህ ክፍፍል ትላንት የመጣ አይደለም። ነፋሱ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። የፋብሪካው ጭስ ወደ ምሥራቅ ይሄድ ስለነበር አቅም ያለው ሰው በምዕራቡ ኮረብታ ላይ ቤቱን ሠራ፤ ሠራተኛው ከፋብሪካው አጥር ሥር ቀረ። ጭሱ ጠፍቷል፤ ድንበሩ ግን አለ። የሼፊልድ የፍትሐዊነት ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ሪፖርት ቁጥር 83 አውቶቡስን እንደ ምሳሌ ወሰደ። አውቶቡሱ ከሚልሃውስስ ሲነሣ በዚያ አካባቢ የሴቶች አማካይ የዕድሜ ጣሪያ 86.3 ዓመት ነበር። ከ40 ደቂቃ በኋላ በርንግሪቭ ሲደርስ 76.9 ሆነ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ የአውቶቡስ መስመር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ልዩነት። ስለ ሼፊልድ አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ ብባል ይህንን እላለሁ።

ታዲያ ምሥራቁን ሽሹ ማለት አይደለም። በርንግሪቭ ውስጥ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያውቅበት መንገድ አለ። ለሰሜናዊው ጠቅላላ ሆስፒታልም ቅርብ ነው፤ እዚያ የሚሠሩ ብዙ አበሾች በእግር ይደርሳሉ። ችግሩ ከመንገድ መንገድ መለያየቱ ነው። ቀን፣ ማታና ቅዳሜ ምሽት ሄዳችሁ እዩ። ቆሻሻ መጣያው ሞልቶ ፈሷል ወይ? ልጆች ውጭ ይጫወታሉ ወይ? ባዶ ቤት ስንት አለ? ከኤጀንቱ ንግግር ይልቅ ይህ ይነግራችኋል።

ኪራይ ስንት ነው? አከራይ ምን ይጠይቀኛል?

ባለ ሁለት መኝታ ቤት በብዙ ሰፈር ከ750 እስከ 950 ፓውንድ በወር ይከራያል። መሀል ከተማና ምዕራቡ ከዚያ ይበልጣል፤ ለንደን ውስጥ አማካዩ ከ2,000 በላይ ነው። በጋራ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ለብቻው ላለ ሰው ይቀላል። ተማሪ በሚበዛባቸው ሰፈሮች ፍለጋ ከመስከረም በፊት ከጀመራችሁ የተሻለ ነው።

አከራይ በእንግሊዝ የመኖር መብታችሁን የማጣራት ግዴታ አለበት። አሁን ይህ የሚደረገው ከኢቪዛ (የመኖሪያ ፈቃዳችሁ በኢንተርኔት ከሚታይበት) አካውንታችሁ በምታወጡት ኮድ ነው። የደመወዝ ወረቀትና የቀድሞ አከራይ ምስክርነትም ይጠየቃል። ከ2019 ጀምሮ ኤጀንት የማመልከቻ ክፍያ ብሎ ብር መቀበል አይችልም። መያዣው በአብዛኛው ከአምስት ሳምንት ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ በ30 ቀን ውስጥም በመንግሥት በታወቀ የመያዣ ጥበቃ ተቋም መግባት አለበት። ያልገባ እንደሆነ በፍርድ ቤት ካሣ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ከሜይ 2026 ጀምሮ ደግሞ ትልቅ ለውጥ አለ። አከራይ ያለ ምክንያት ልቀቁ ማለት አይችልም። ኪራይ የሚጨምረው በዓመት አንዴ ብቻ ነው። ከማስታወቂያው ዋጋ በላይ ክፈሉ ብሎ ማጫረትም ተከልክሏል። ያለ ውል፣ በካሽ፣ በሰው በሰው የሚከራይ ቤት ግን ይህን ሁሉ ጥበቃ በተግባር ያሳጣችኋል። የአገራችሁ ልጅ ቢሆንም ውል ይኑራችሁ፤ ክፍያውም በባንክ ይሁን።

ከኪራይ ወይም ከሞርጌጅ (ከቤት ብድር) ሌላ በየወሩ ምን ይወጣል?

መጀመሪያ ካውንስል ታክስ፣ ማለትም ለካውንስሉ (ለከተማው አስተዳደር) የሚከፈለው የቤት ግብር። ቤቶች በ1991 በነበራቸው ዋጋ መሠረት ከኤ እስከ ኤች ይመደባሉ። ከሼፊልድ ቤቶች ከግማሽ በላይ ዝቅተኛው ምድብ ኤ ናቸው። እሱም ቢሆን በዓመት ከ1,500 ፓውንድ በላይ ነው። ብቻውን የሚኖር አዋቂ 25 በመቶ ይቀነስለታል፤ ነዋሪዎቹ ሁሉም የሙሉ ጊዜ ተማሪ የሆኑበት ቤት አይከፍልም። ገቢው ትንሽ የሆነ ሰው ካውንስሉን ቅነሳ ይጠይቅ፤ ሳይጠይቁ አይሰጥም።

ሁለተኛው ጋዝና መብራት ነው። በዚህ ከተማ ከኪራይ ቀጥሎ ቤተሰብ የሚጎዳው በዚህ ነው፤ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ አንብቡ። ከዚያ ውሃ፣ ኢንተርኔትና የቴሌቪዥን ፈቃድ አለ። ምጣድ በመብራት የምትጋግሩ ከሆነ ቆጣሪውን አንድ ቀን ተከታተሉት፤ ቅዳሜ ሙሉ የሚጋግር ቤት ልዩነቱ ይታየዋል።

ቤቶቹ ምን ይመስላሉ? እርጥበትና ሻጋታስ?

አብዛኛው ርካሽ ቤት ከመቶ ዓመት በፊት ለፋብሪካ ሠራተኛ የተሠራ ቴራስ ነው። ጠባብና ረጅም ነው። ምድር ላይ ሳሎንና ኩሽና፣ ላይ ሁለት መኝታ፣ ጣሪያ ሥር ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ተጨማሪ ክፍል አለው። ብዙዎቹ ከሥር ምድር ቤት አላቸው። በየጥቂት ቤቱ መካከል ወደ ጓሮ የሚያስገባ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ የአካባቢው ሰው ጄነል ይለዋል።

ግድግዳቸው ወፍራም ነው፤ ግን አንድ ወጥ ጡብ ወይም ድንጋይ ስለሆነ መሀሉ ላይ ሙቀት የሚይዝ ክፍተት የለውም። ስለዚህ ክረምት ላይ ግድግዳው ይቀዘቅዛል። ሙቅና እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ ከዚያ ሻጋታ ይመጣል። ልብስ ራዲያተር ላይ ማድረቅ፣ መስኮት ዘግቶ እንጀራ መጋገርና ወጥ ማብሰል ነገሩን ያባብሳል። ሲጋገር መስኮት ክፈቱ፣ የኩሽናውን አየር ማውጫ አብሩ፣ አልጋና ቁም ሣጥን ከውጭ ግድግዳ ትንሽ አርቁ።

ነገር ግን ሁሉን ጥፋት ራሳችሁ ላይ አትውሰዱ። የተሰበረ አሸንዳ፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ከመሬት የሚወጣ እርጥበትና የማይሠራ ቦይለር (የቤቱና የውሃው ማሞቂያ) የአከራዩ ኃላፊነት ነው። ብዙ አከራይ ሻጋታ ሲነገረው መጀመሪያ የሚለው አኗኗራችሁ ነው የሚል ነው። ፎቶ አንሱ፣ ቀን ጻፉ፣ በኢሜይል አሳውቁ፤ በስልክ የተባለ ነገር ማስረጃ አይሆንም። መልስ ካጣችሁ ወደ ካውንስሉ የግል ኪራይ ቤቶች ክፍል ሂዱ። የካውንስል ወይም ለትርፍ የማይሠራ የቤቶች ማኅበር ቤት ከሆነ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ የአዋብ ሕግ አለ። ሕጉ የተሰየመው በ2020 በሮችዴል ከተማ ሻጋታ በነበረበት ቤት ውስጥ በሕፃንነቱ ለሞተው ልጅ ነው። አስቸኳይ አደጋ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ከባድ እርጥበትና ሻጋታ ደግሞ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲመረመር ያስገድዳል። ሕፃን ወይም አስም ያለበት ሰው ያለበት ቤት ሻጋታን የመልክ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት የለበትም።

ቤት ከማየታችሁ በፊት የኃይል ብቃት ደረጃውን በፖስታ ቁጥሩ በመንግሥት ድረ ገጽ በነፃ ፈልጉ። ደረጃው ከኤ እስከ ጂ ነው። በመርህ ደረጃ ከኢ በታች የሆነ ቤት ማከራየት አይፈቀድም። 50 ፓውንድ የረከሰ ኪራይ በኢ ቤት ውስጥ በአንድ ክረምት ጋዝ ሊበላ ይችላል።

ትራንስፖርት፣ ሥራና ኑሮው እንዴት ነው?

ከ1994 ጀምሮ ሱፐርትራም የተባለ የከተማ ባቡር አለ፤ በ2024 ወደ መንግሥት እጅ ተመልሷል። ሂልስቦሮን፣ መሀል ከተማን፣ ሜዶውሆልንና ደቡብ ምሥራቁን ያገናኛል። ምዕራቡና ሰሜኑ በአብዛኛው በአውቶቡስ ነው፤ ማታ አውቶቡሱ ይሳሳል። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ከቤቱ በፊት የአውቶቡሱን ሰዓት ይይ።

ለታክሲና ለቫን ሾፌሮች አንድ ማሳሰቢያ፦ ከ2023 ጀምሮ መሀል ከተማው የንጹሕ አየር ቀጠና ነው። ደረጃውን የማያሟላ ታክሲና ቫን በቀን 10 ፓውንድ፣ ከባድ መኪናና አውቶቡስ 50 ፓውንድ ይከፍላል። የግል መኪና አይከፍልም።

ሥራ በብዛት ያለው በሆስፒታሎቹ፣ በዩኒቨርሲቲዎቹ፣ በእንክብካቤ፣ በሜዶውሆልና በዙሪያዋ ባሉ የመጋዘን ቀጠናዎች ነው። የኑሮው ትልቁ ጸጋ ግን ተፈጥሮ ነው። ከከተማዋ ክልል አንድ ሦስተኛ የሚሆነው በፒክ ዲስትሪክት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ በአንድ አውቶቡስ ተራራ ላይ ትወጣላችሁ። ለዚህ ምንም አይከፈልም፤ ብዙ ወገኖች ግን ዓመታት ኖረው አያዩትም።

አበሻ አለ? ስደተኛን እንዴት ነው የሚቀበሉት?

አለ። ከለንደን ጋር አይወዳደርም እንጂ ኢትዮጵያውያንም ኤርትራውያንም አሉ፤ በተለይ በበርንግሪቭና በአካባቢው። ያ ሰፈር ከእኛ በፊት በየመኖችና በሶማሌዎች የታወቀ ነው፤ የመኖቹ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለአረብ ብረት ፋብሪካ ሥራ የመጡ ናቸው። ስፒታል ሂልና ለንደን ሮድ ላይ የአፍሪካ፣ የእስያና የመካከለኛው ምሥራቅ ሸቀጥ የሚሸጡ ሱቆች በብዛት ይገኛሉ።

ከተማዋ ስደተኛን በመቀበል ረጅም ታሪክ አላት። የመጠለያ ከተማ የተባለው እንቅስቃሴ የተጀመረው እዚህ በ2005 ነው። በ2007 ሼፊልድ በብሪታንያ የመጀመሪያዋ የመጠለያ ከተማ ሆነች። ይህ ማለት ዘረኝነት የለም ማለት አይደለም። እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ፣ ወረቀት የሚያግዙ፣ ሻይ አፍልተው የሚያዳምጡ በጎ ፈቃደኞች ግን እዚህ ከብዙ ከተማ ይበልጣሉ።

የካውንስል ቤት ማግኘት ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ረጅም ነው። ካውንስሉ ወደ 38 ሺህ ቤቶች አሉት፤ ጠባቂው ግን ብዙ ነው። ተመዝግባችሁ፣ የችግራችሁ መጠን ታይቶ ደረጃ ይሰጣችኋል፤ ከዚያ ለሚወጡ ቤቶች በየጊዜው ፍላጎታችሁን ታስመዘግባላችሁ። የስደተኝነት ፈቃድ ያለው ሰው ማመልከት ይችላል። በሥራ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለና የመንግሥት ድጎማ የተከለከለ ሰው አይችልም። ጎዳና ሊወድቅ ያለ ሰው ቀኑ እስኪደርስ አይጠብቅ፤ 56 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ካውንስሉ የመርዳት ግዴታ አለበት።

ጣቢያው ጀርባ ኮረብታው ላይ የሚታየው ፓርክ ሂል በ1961 ለሠራተኛው ሕዝብ የተሠራ የካውንስል ሕንጻ ነበር። በ1998 እንደ ቅርስ ተመዘገበ፤ ከዚያ ታድሶ ብዙው ክፍል ለግል ገበያ ዋለ። ሕንጻው አምሯል። የካውንስል ቤት ቁጥር ግን በዚያው ቀነሰ፤ ለዚህ ነው ወረፋው የረዘመው ሲባል ምሬት የሚሰማው።

በአንድ ፓውንድ ቤት ይሸጣል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነበር፤ ግን ሼፊልድ አይደለም። በ2013 ስቶክ ኦን ትሬንትና ሊቨርፑል ባዶ የቀሩ ቤቶችን በአንድ ፓውንድ ሰጥተዋል። ገዢው ለእድሳቱ በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ማውጣት ወይም መበደር ነበረበት፤ እዚያው መኖርም ግዴታው ነበር። ዛሬ በቲክቶክ ይህንን የሚያሻሽጥ ሰው ካያችሁ ገንዘብ አትላኩ።

ለመግዛት ስንት ብር ያስፈልገኛል?

200 ሺህ ፓውንድ የሚሸጥ ቤት እንውሰድ። አብዛኛው ባንክ ቢያንስ 5 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ይፈልጋል፤ 10 በመቶ ካላችሁ ወለዱ ይቀንሳል። 10 በመቶው 20 ሺህ ነው። ቀሪውን 180 ሺህ ለመበደር የቤተሰቡ ዓመታዊ ገቢ ወደ 40 ሺህ መሆን አለበት፤ ብዙ ባንክ የገቢን አራት እጥፍ ተኩል ያህል ያበድራልና። የግዢውን የሕግ ሥራ ለሚሠራው ጠበቃ (ሶሊሲተር)፣ ቤቱን ለሚመረምረው ባለሙያ (ሰርቬየር) እና ለማጓጓዣ ሌላ ጥቂት ሺህ ያዙ። የመጀመሪያ ቤት ገዢ እስከ 300 ሺህ ፓውንድ ድረስ ስታምፕ ዲዩቲ የተባለውን የቤት ግዢ ግብር አይከፍልም። የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ጊዜ ያለው ከሆነ አንዳንድ ባንክ ከፍ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል፤ ጥሩ የሞርጌጅ አማካሪ የቱ እንደሚቀበል ያውቃል። ወለድ በሃይማኖቱ ለማይፈቀድለት ሰው በጥቂት ባንኮች በሸሪዓ መንገድ የሚሠራ የቤት መግዣ ዕቅድ አለ።

ዋጋችሁ ተቀባይነት ቢያገኝም ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ማንንም አያስርም። ሻጩ ለሌላ ሊሸጥ፣ እናንተም ልትተዉት ትችላላችሁ። ይህ ሦስት አራት ወር ሊወስድ ይችላል። ለአሮጌ ቴራስ ሰርቬየር ሳታስገቡ አትግዙ፤ ባንኩ የሚልከው ገማች ለባንኩ እንጂ ለእናንተ አይሠራም።

ቅድሚያ ክፍያዬ የዕቁብ ገንዘብ ቢሆንስ?

ዕቁብ ሕጋዊ ነው። ችግሩ ማስረጃ ነው። ሶሊሲተሩ በሕገ ወጥ ገንዘብ መከላከያ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ፓውንድ ከየት እንደመጣ ማወቅ አለበት። የስድስት ወር ወይም ከዚያ በላይ የባንክ መግለጫ ይጠይቃል። ከ25 ሰው በካሽ የተሰበሰበ 15 ሺህ ፓውንድ ግዢው ሊያልቅ ሲል አካውንት ውስጥ ድንገት ከገባ ነገሩ ይቆማል። በዚህ ምክንያት ቤት ያመለጣቸው አሉ።

መፍትሔው ቀደም ብሎ ማሰብ ነው። ዕቁቡ በባንክ ማስተላለፍ ይሁን፤ የእናንተም መዋጮ በየወሩ ከአካውንታችሁ ሲወጣ ይታይ። ዳኛው የአባላቱን ስም፣ የመዋጮውን መጠንና የዕጣውን ቀን የያዘ ወረቀት ይፈርምላችሁ። ዕቁቡን ቀድማችሁ ከበላችሁ ቀሪው መዋጮ እንደ ዕዳ ሊታይ ስለሚችል ለሞርጌጅ አማካሪው ንገሩ። ዘመድ የረዳችሁ ከሆነ ስጦታ እንጂ ብድር አለመሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤና የእሱ የባንክ መግለጫ ያስፈልጋል። ለሶሊሲተሩ በመጀመሪያው ቀን ንገሩት፤ ሲደበቅ ነው የሚጠረጠረው።

ቤቱ የ800 ዓመት ሊዝ አለው አሉኝ፤ ልፍራ?

ለ800 ዓመት አትፍሩ። በሼፊልድ ብዙ አሮጌ ቴራስ ቤቶች ሊዝሆልድ ናቸው፤ ሕንጻው የእናንተ፣ መሬቱ የሌላ ሰው ማለት ነው። በድሮ ጊዜ መሬቱ የጥቂት ባላባቶች ነበር፤ የኖርፎክ መስፍን አንዱ ነው። ለ800 ዓመት የተሰጠ ከሆነ የመሬት ኪራዩ በዓመት ጥቂት ፓውንድ ነው፤ ማንንም አያስቸግርም።

የሚያስፈራው የ200 ዓመቱ ነው። በ1890ዎቹ የተጀመረ የ200 ዓመት ሊዝ ዛሬ የቀረው ወደ 70 ዓመት ገደማ ነው። ከ80 ዓመት በታች ሲወርድ ማራዘሚያው ይወደዳል፤ አንዳንድ ባንክም ያመነታል። ሶሊሲተራችሁን ስንት ዓመት ቀረው ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። የቤት ሊዝሆልድ ባለቤት መሬቱን የመግዛት ሕጋዊ መብት አለው፤ ሁለት ዓመት መጠበቅ ያስፈልግ የነበረውም በ2025 ቀርቷል። አፓርታማ ከሆነ የአገልግሎት ክፍያውን የሦስት ዓመት ታሪክ እዩ። በ2017 በለንደን በግሬንፌል ሕንጻ 72 ሰው ካለቀ በኋላ በሼፊልድም ሃኖቨር በተባለው የካውንስል ሕንጻ ላይ የእሳት ፈተናውን ያላለፈ ሽፋን ተገኝቶ ነበር። ረጅም ሕንጻ ላይ ያለ አፓርታማ የሽፋን ማረጋገጫ ወረቀት ከሌለው ባንክ ላያበድር ይችላል።

ጎርፍና የድሮ ማዕድን ጉድጓድ ያሰጋል?

ቦታው ይወስነዋል። ከተማዋ የአምስት ወንዞች መገናኛ ናት። በጁን 2007 ዶን ወንዝ ሞልቶ ሰው ሞቷል፤ ሜዶውሆልና የታችኛው ሸለቆ ውሃ ውስጥ ገብተው ነበር። በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በፖስታ ቁጥር የጎርፍ ስጋቱን በነፃ ማየት ይቻላል። ምሥራቁ ደግሞ የድንጋይ ከሰል ምድር ስለነበር ሶሊሲተሩ የማዕድን ፍተሻ ሊያዝ ይገባል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ለመቆጠብ ብላችሁ አትዝለሉት።

ለንደን እየኖርኩ እዚያ ገዝቼ ባከራይስ?

ብዙ ሰው የሚያስበው ነው። የሁለተኛ ቤት ገዢ ከኦክቶበር 2024 መጨረሻ ጀምሮ በጠቅላላው ዋጋ ላይ ተጨማሪ 5 በመቶ ስታምፕ ዲዩቲ ይከፍላል። በ140 ሺህ ቤት ላይ ይህ ከመደበኛው ጋር 7,300 ፓውንድ ነው። ብሪታንያ የማይኖር ሰው፣ ለምሳሌ ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለ ወገን፣ ሌላ 2 በመቶ ይጨምርና 10,100 ይደርሳል። የጋዝ ፍተሻ በየዓመቱ፣ የመብራት ፍተሻ በየአምስት ዓመቱ ግዴታ ነው። ርቆ የሚኖር አከራይ ለኤጀንት ከኪራዩ ይከፍላል፤ ሞርጌጁ ላይ የሚከፍለው ወለድም ከግብር የሚቀንስለት በ20 በመቶ ልክ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከማስታወቂያው ላይ የምታዩት የትርፍ መቶኛ ይህ ሁሉ ሳይቀነስ ነው። እኔ ብሆን ራሴ ልኖርበት የማልፈልገውን መንገድ ላይ ቤት ገዝቼ ሌላ ቤተሰብ አላስገባበትም።

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አለኝ፤ የመጀመሪያ ቤት ገዢ ነኝ?

አይደላችሁም። ይህንን ብዙ ሰው የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። የመጀመሪያ ቤት ገዢ የሚባለው በዓለም ላይ በየትኛውም አገር የመኖሪያ ቤት ኖሮት የማያውቅ ሰው ነው። በዕጣ የደረሰም፣ በውርስ የተገኘም ይቆጠራል። ከዚያ በላይ ደግሞ ውጭ አገር ያለው ቤት ከ40 ሺህ ፓውንድ በላይ ከሆነና አሁንም በእጃችሁ ካለ፣ የሼፊልዱ እንደ ሁለተኛ ቤት ይታያል። ባልና ሚስት ለዚህ እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ ቤቱ በሚስት ስም ብቻ ቢሆንም።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። 200 ሺህ ፓውንድ ላይ የመጀመሪያ ቤት ገዢ ምንም አይከፍልም። ቀድሞ ቤት የነበረውና የሸጠው 1,500 ይከፍላል። አዲስ አበባ ያለው ቤት አሁንም በእጁ ያለና ግምቱ ከ40 ሺህ ፓውንድ የሚያልፍ 11,500 ይከፍላል። ምንዛሪው ስለሚለዋወጥ ግምቱ የሚሰላው የሼፊልዱን ቤት በምትገዙበት ቀን ባለው ዋጋ ነው፤ ስለዚህ ከአዲስ አበባ የታወቀ ገማች ወረቀት አስወጥታችሁ ያዙ። የስታምፕ ዲዩቲው ቅጽ ላይ የምትሰጡት መልስ የሕግ ቃል ነው። ማን ያውቃል ብለው የሚመክሯችሁን አትስሙ፤ ውሸት ሆኖ ከተገኘ ግብሩ ከነቅጣቱና ከነወለዱ ይመጣል።